አዲሱን የጉበት ክትባት እንጠብቅ?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ባለቤቴ 31 ዓመቱ ነው። ለታመመ ዘመዳችን ደም ሊሰጥ ሄዶ ሲመረመር የጉበት ቫይረስ ቢ አለብህ ተባለ። ምንም አያመውም፤ እንደ ወትሮው ይሠራል። አንድ የግል ክሊኒክ ‹ክትባቱን ጀምር› ብሎት ከሦስቱ መርፌ አንዱን ተወግቷል። አሁን ደግሞ ውጭ አገር ቫይረሱን ከነሥሩ የሚያጠፋ አዲስ ክትባት እየተሠራ ነው ሲባል ሰምተን ገንዘባችንን ለዚያ እናቆይ እያልን ነው። አማቴ ‹የወፍ በሽታ መድኃኒት የሚያውቅ ሰው አለ› ይላሉ፤ ዕቃውንም ለይተውበታል። እኔ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። አዲሱን ክትባት እንጠብቅ? ለኮሮና በአንድ ዓመት ክትባት ሲገኝ ለጉበት ቫይረስ እስካሁን ለምን ጠፋ?»

መልስ፦ አይጠብቁ። ለባለቤትዎ የሚያስፈልገው ምርመራና መድኃኒት ዛሬ አለ። ለሚወለደው ልጅ የሚያስፈልገው ክትባትም ከተሠራ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። የሰማችሁት ክትባት ግን ገና በሙከራ ላይ ነው፤ ቢሳካም ብቻውን ይበቃል ብዬ አላምንም። ምክንያቱን እዘረዝራለሁ። የኢትዮጵያ ብዬ ካልለየሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የጉበት ቫይረስ» በሚል አንድ ስም የሚጠሩት አምስት ናቸው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እና ኢ። አንድ ላይ የተቆጠሩት ሁሉም ጉበትን ስለሚያጠቁ እንጂ ዝምድና ኖሯቸው አይደለም፤ ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ ክትባት አይጠበቅም። ኤ እና ኢ የሚተላለፉት በተበከለ ውኃና ምግብ ሲሆን ቢ፣ ሲ እና ዲ በደምና በሰውነት ፈሳሽ ነው። ዲ የቢን ሽፋን ካልተዋሰ ከሰው ወደ ሰው መዛመት ስለማይችል ከቢ የተከተበ ሰው ከዲም ይድናል።

ክትባት ጠፋ የሚለው እንግዲህ ለቢ አይሠራም። አሜሪካዊው ባሩክ ብሉምበርግ የቫይረሱን የሽፋን ፕሮቲን በ1960ዎቹ ከአንድ የአውስትራሊያ ነባር ተወላጅ ደም ውስጥ አገኙ፤ በ1976 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በ1981 የጸደቀው የመጀመሪያው ክትባት ከተሸካሚዎች ደም ተጣርቶ በወጣው በዚሁ ሽፋን የተሠራ ነበር። በ1986 ፕሮቲኑን በእርሾ ሴሎች ማምረት ተቻለና የሰው ደም ማስፈለጉ ቀረ። ታይዋን በ1984 አገር አቀፍ የሕፃናት ክትባት ከጀመረች በኋላ በልጆች ላይ ይታይ የነበረው የጉበት ካንሰር በግልጽ ቀንሷል። በኢትዮጵያ ደግሞ ሄፓታይተስ ቢን፣ ማለትም የጉበት ቫይረስ ቢን፣ የሚጨምረው አምስት በአንድ ክትባት፣ ፔንታቫለንት የሚባለው፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። ባለቤትዎ የተወለዱት ከዚያ ቀደም ብሎ ስለሆነ አልደረሳቸውም። እርስዎም በዕድሜ የሚቀራረቡ ከሆነ አልተከተቡም ማለት ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፤ ብዙ ትዳር ሲያናጋ ስለማይ ነው። ይህን ቫይረስ በተመለከተ ወሳኙ በስንት ዓመት ተያዙ የሚለው ነው። በመጀመሪያው የሕይወት ዓመት ከተያዙ ሕፃናት ከአሥሩ ዘጠኙ ዕድሜ ልክ ተሸካሚ ይሆናሉ። ጤነኛ አዋቂ ሲያዝ ግን ተሸካሚ ሆኖ የሚቀረው ከመቶ አምስት አይሞላም፤ ሌላው በራሱ ሰውነት ያስወግደዋል። ባለቤትዎም ቫይረሱን ያገኙት በልጅነታቸው ሳይሆን አይቀርም፤ ሲወለዱ ከእናት፣ ወይም በልጅነት በምላጭ፣ በግርዛት፣ እንጥል በማስቆረጥ። «ከየት አመጣው» የሚል ክርክር በቤታችሁ አይግባ።

አሁን ወደ ተወጉት መርፌ ልመለስ። ያ ክትባት መከላከያ ነው፤ ቫይረሱ አስቀድሞ ላለበት ሰው አይጠቅምም። አይጎዳቸውም፣ ነገር ግን የቀሩትን ሁለት መርፌዎች አይውሰዱ። በክትባቱ ውስጥ ያለው የሽፋን ፕሮቲን በባለቤትዎ ደም ውስጥ በገፍ አለ። ቫይረሱ ከራሱ በሺህ እጥፍ የሚበልጥ ባዶ ሽፋን እያመረተ ወደ ደም ይለቃል፤ የሰውነት መከላከያም በዚያ ላይ ሲዘምት ይባክናል፣ ከዓመታት በኋላም ይደክማል። በመርፌ የሚጨመረው ጥቂት ፕሮቲን በዚህ ላይ ምንም አይለውጥም። የተለመደውን ክትባት ለሕመምተኞች ደጋግሞ በመስጠት ለማከም በ1990ዎቹ ተሞክሮ ዘላቂ ውጤት አልተገኘም። መመርመር ሳይቀድም መከተብ፣ ወይም ውጤቱን አይቶም መከተብ፣ ደጋግሜ የማየውና መቆም ያለበት አሠራር ነው።

«ከነሥሩ» የሚለው ቃላችሁ ትክክለኛውን ችግር ይነካል። ቫይረሱ ወደ ጉበት ሴል ሲገባ ዘረመሉን በሴሉ ኒውክለስ ውስጥ ክብ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ሴሉም ያንን እያነበበ አዳዲስ ቫይረስ ያወጣል። ከዚያም አልፎ የዘረመሉ ቁራጮች ከሰውየው ዘረመል ጋር ይቀላቀላሉ። ቴኖፎቪር የተባለው ክኒን ቫይረሱ እንዳይባዛ ያደርጋል፣ ክቡን ዘረመል ግን አይነካም። ሰርዶን ላዩን ማጨድ ሥሩን እንደማያጠፋ ሁሉ፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ኮሮና እንዲህ ያለ መደበቂያ የለውም። አብዛኛው የኮሮና ሕመምተኛ ቫይረሱን በሳምንታት ውስጥ በራሱ አቅም ስለሚያስወግድ ክትባቱ የሚያደርገው ሰውነት የሚችለውን አስቀድሞ ማለማመድ ነው። የቢ ማከሚያ ክትባት የተጣለበት ሸክም ከዚህ የከበደ ነው፤ ለሠላሳ ዓመት ከቫይረሱ ጋር ኖሮ የደከመን መከላከያ መቀስቀስ አለበት።

ተመራማሪዎቹ ይህን ሸክም እንዴት እየገፉት እንደሆነ ማወቁ ይጠቅማችኋል፤ ዜናው እንደገና ሲመጣ መመዘን ትችላላችሁና። አንደኛው መንገድ ክትባቱ ከሽፋኑ በተጨማሪ የቫይረሱን የውስጥ ፕሮቲኖች እንዲይዝ ማድረግ ነው። ኩባ የሠራችው ናስቫክ የሽፋኑንና የእምብርቱን ፕሮቲን አጣምሮ በአፍንጫም በመርፌም የሚሰጥ ሲሆን ከባንግላዴሽ ሐኪሞች ጋር ተሞክሯል። ሌላው መንገድ ጉዳት በማያደርስ ሌላ ቫይረስ ላይ የቢን ዘረመል ጭኖ መስጠት ነው። ቪቲፒ-300 የተባለው ከኦክስፎርድ የመነጨ ክትባት ለመጀመሪያው መርፌ ለአንዱ የኮሮና ክትባት ያገለገለውን ተሸካሚ ቫይረስ ይጠቀማል፤ ለሁለተኛው ደግሞ ከጥንቱ የፈንጣጣ ክትባት ቤተሰብ የሆነ ሌላ ተሸካሚ። ሁለት የተለያዩ ተሸካሚዎች የሚያስፈልጉት ሰውነት የመጀመሪያውን ተሸካሚ ስለሚለምደውና በሁለተኛው ዙር ጭነቱን ሳያይ ስለሚያስወግደው ነው። የሚፈለጉት ቲ ሴሎች ናቸው፤ የተያዘውን የጉበት ሴል ለይተው የሚያጠቁት የመከላከያ ሴሎች።

ክትባት ብቻውን እንደማይበቃ ግን ከሙከራዎቹ ግልጽ ሆኗል። በእርሾ ላይ የተሠራው ጂኤስ-4774 የተባለው ክትባት የቲ ሴል ምላሽ ቢያስነሣም የሽፋኑን ፕሮቲን መጠን በሚጠቅም ደረጃ አልቀነሰም። ስለዚህ አሁን የሚሞከረው በቅደም ተከተል መሥራት ነው፦ በቴኖፎቪር ማባዛቱን ማስቆም፣ የሽፋኑን ፕሮቲን ምርት በሚያዳፍን መድኃኒት ደሙን ማጽዳት፣ ከዚያ የደከመውን መከላከያ በክትባት መቀስቀስ። ከሚያዳፍኑት መድኃኒቶች አንዱ ቤፒሮቪርሰን ነው። በ2022 በታተመው ሁለተኛ ምዕራፍ ሙከራ ለ24 ሳምንት በየሳምንቱ ከተወጉት ውስጥ ሽፋኑም ቫይረሱም ከደማቸው ጠፍቶ የቆየላቸው ከመቶ ዘጠኝ ወይም አሥር ያህሉ ናቸው። ይህ ቀላል ውጤት አይደለም፤ በቴኖፎቪር ብቻ ይህን የሚያገኝ በጣም ጥቂት ነው። ቢሆንም ከአሥር ዘጠኙ አላገኙትም፣ መድኃኒቱም ክትባት አይደለም። የተሻለ ምላሽ የታየው መጀመሪያውኑ በደማቸው ያለው የሽፋኑ ፕሮቲን መጠን ዝቅተኛ በሆነ ሰዎች ላይ ነው።

«ዳነ» ሲባልም ምን ማለት እንደሆነ ጠይቁ። በእነዚህ ሙከራዎች የሚፈለገው ሕክምናው ካበቃ ከስድስት ወር በኋላም ሽፋኑና ቫይረሱ በደም ውስጥ አለመገኘታቸው ነው። ክቡ ዘረመል ግን በጥቂት ሴሎች ውስጥ ተኝቶ ሊቀር ይችላል፤ ሰውየው ወደፊት መከላከያን የሚያደክም ከባድ መድኃኒት ቢወስድ ሊነሣ ይችላል። ሌላም ጥንቃቄ አለ። ቲ ሴሎች ሲነቁ የሚያጠቁት የራስን ጉበት ሴል ነው፤ ጥቂት ቁጣ የፈውስ ምልክት ሊሆን ሲችል ብዙ ቁጣ ጉበትን ያፈርሳል። ስለዚህ ጉበታቸው ጠባሳ የያዘ ሰዎች ከአብዛኞቹ ሙከራዎች ውጭ ናቸው። አዲሱን ክትባት እየጠበቀ መድኃኒት ሳይጀምር የቆየ ሰው ጉበቱ ጠባሳ ከያዘ፣ ክትባቱ የመጣ ዕለት የማይሰጠው ሰው ሊሆን ይችላል። እንዳይጠብቁ ስል ዋናው ምክንያቴ ይህ ነው።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ። ለሲ ክትባት የለም። ቫይረሱ በ1989 ቢታወቅም፣ መልኩን በፍጥነት ስለሚለዋውጥና ስምንት ዓይነት ዝርያዎች ስላሉት፣ አንድ ጊዜ ድኖ እንኳ ዳግም መያዝ ስላለ፣ ክትባቱ የሚመስለው አርአያ አጥቷል። በአሜሪካ ተካሂዶ በ2021 የታተመው ትልቁ ሙከራ ልክ እንደ ቪቲፒ-300 በሁለት ተሸካሚ ቫይረሶች የተሠራ ነበር፤ ቲ ሴሎችን አስነሣ፣ ግን በተከተቡትና ባልተከተቡት መካከል ሥር የሰደደ ሕመም የያዛቸው ሰዎች ቁጥር እኩል ሆነ። ይህን ያነሣሁት «የመከላከያ ምላሽ ታየ» የሚል ዜና «ፈወሰ» ማለት እንዳልሆነ ስለሚያሳይ ነው። ደግነቱ ሲ በክኒን ከ8 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ከመቶ 95 በላይ ይድናል። ባለቤትዎ ለሲም ይመርመሩ።

ኢ እርስዎን በቀጥታ ይመለከታል። አብዛኛውን ሰው ለሳምንታት አሳምሞ ይተዋል፤ በእርግዝና መጨረሻ ወራት ግን ከተያዙ አምስት እናቶች አንዷን ሊገድል ይችላል። በቻይና በ2011 የጸደቀ ሄኮሊን የተባለ ክትባት አለ፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ ጥሩ መከላከያ መሆኑ ታይቷል። ወረርሽኝን ለመግታት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ2022 በጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን፣ ቤንቲዩ ነው። የእኛም አገር ከወረርሽኙ ነፃ አይደለችም፤ በጋምቤላ የስደተኞች ጣቢያዎች በ2014 ተነሥቶ ነበር። ለእርስዎ ዛሬ የሚቻለው መከላከያ ውኃ ነው። የምንጭም ሆነ የጉድጓድ ውኃ አፍልተው ይጠጡ፤ ክረምት ላይ ጎርፍ ሲገባበት ይበልጥ።

በአዲስ አቀራረብ ከተነሣ ለጎጃም ገጠር ከሁሉ የሚጠቅመው የትኛው ነው ብባል፣ ማከሚያውን ክትባት አልመርጥም። የማስቀድመው የልደት ዕለቱን ክትባት ለማድረስ የሚሠራውን ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2009 ጀምሮ ማንኛውም ሕፃን በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲከተብ ይመክራል፤ በአፍሪካ ይህን የሚያገኙት ከመቶ 18 ብቻ መሆናቸውን በ2024 ሪፖርቱ ገልጿል። ስድስተኛው ሳምንት ለብዙ ሕፃን ዘግይቷል፤ ቫይረሱ በምጥ ጊዜ ይገባልና። ኢንዶኔዥያ አዋላጆች በየቤቱ ይዘውት የሚሄዱትን አስቀድሞ የተሞላ ባለ አንድ መርፌ ክትባት ተጠቅማለች። አሁን ደግሞ በቆዳ ላይ የሚለጠፍ፣ መርፌው የማይታይ ክትባት እየተሞከረ ነው። ቤት ለሚወለድ ልጅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ልታደርሰው የምትችለው እንዲህ ያለው ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሙቀትን ከብዙዎቹ በተሻለ ይችላል፣ የሚያበላሸው መቀዝቀዙ ሳይሆን በረዶ መሆኑ ነው፤ የደጋ ጤና ጣቢያዎች ማቀዝቀዣቸውን ሲያስተካክሉ ይህን ያስቡ።

ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። ምንም አያመኝም ማለታቸው ጤናን አያረጋግጥም፤ ጉበት ጠባሳ እስኪይዝ ድረስ ዝም ይላል። በዚህ ወር ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሄደው የጉበት ኢንዛይሞች፣ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ የኩላሊት ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ እንዲሁም የሲና የኤችአይቪ ምርመራ ያድርጉ። ኤኤስቲ ከተባለው ኢንዛይምና ደም ከሚያረጉት ሕዋሳት (ከፕላትሌት) ቁጥር የሚሰላ አፕሪ የሚባል ነጥብ አለ፤ ከ0.5 ከበለጠ፣ በ2024 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ሕክምና መጀመር አለባቸው። በቤተሰብ የጉበት ካንሰር ታሪክ ካለም እንዲሁ። የቫይረሱ ልኬት ባይገኝ እንኳ በእነዚህ መወሰን ይቻላል። መድኃኒቱ በቀን አንድ የቴኖፎቪር ክኒን ነው። የኤችአይቪ ምርመራው የግድ የሆነው ቴኖፎቪር ለኤችአይቪም ስለሚሠራና ብቻውን ከተሰጠ ያኛው ቫይረስ ስለሚለምደው ነው። ከጀመሩ በኋላ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቋረጥ አደገኛ ነው፤ ጉበት በድንገት ሊቆጣ ይችላል። ሕክምና አያስፈልግም ከተባሉም በየስድስት ወሩ ይታያሉ። ፍኖተ ሰላም ያልተቻለ ነገር ካለ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሪፈር ይጻፍላቸው። ለአዲሱ ክትባት ልታቆዩት ያሰባችሁትን ገንዘብ እዚህ ላይ አውሉት።

አማትዎ ያሉትን በአክብሮት እመልሳለሁ። ዓይን ቢጫ የሚያደርገው የኤ ወይም የኢ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይለቃል፤ በዚያ መካከል የተጠጣ ሥር ሁሉ ፈዋሽ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ባለቤትዎ ያለባቸው የዚያ ዓይነት አይደለም። ልኩ የማይታወቅ ሥርና ቅጠል ደግሞ ራሱ ጉበትን ሊመርዝ ይችላል፤ መድኃኒት ባይወስዱ እንኳ ይህን አይጠጡ። ዕቃ መለየቱ ይቅር። ከአንድ መሶብ መብላት፣ መጉረስ፣ መተቃቀፍ ቢን አያስተላልፍም። የሚለየው ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የጥፍር መቁረጫና የንቅሳት መርፌ ነው። የባለቤትዎን እናት፣ ወንድሞችና እህቶች ሁሉ አስመርምሩ፤ የሌለባቸው ይከተቡ፣ ያለባቸው ይታዩ። ባለቤትዎ አረቄ ፈጽመው ይተዉ። የሻገተ በቆሎና በርበሬም ከቤት ይውጣ፤ ሻጋታው የሚያወጣው አፍላቶክሲን ከቢ ጋር ሲገናኝ የጉበት ካንሰር አደጋን ያባዛል። ይህን ጎተራ ላላችሁ ሰዎች ደግሜ ብናገር አይሰለቸኝም።

እርስዎ ነገ ጤና ጣቢያ ሄደው የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ይጠይቁ፤ በእርግዝና ክትትል ጊዜ ተመርምረው ከነበረም ካርድዎን ያሳዩ። ቫይረሱ ከሌለብዎ በዕለቱ ክትባቱን ይጀምሩ፤ ለነፍሰ ጡር አይከለከልም። ሁለተኛው ከአንድ ወር፣ ሦስተኛው ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ እስኪፈጸም ድረስ በኮንዶም ይጠቀሙ፣ ከመውለድዎ በፊትም አንድ ጊዜ ደግመው ይመርመሩ። ካለብዎ ደግሞ አይደንግጡ፣ ግን አይዘግዩ። ያለ ምንም መከላከያ የቫይረሱ መጠን ከፍ ካለ እናት ከሚወለዱ ሕፃናት አብዛኞቹ ይያዛሉ። የቫይረሱን ልኬት ማግኘት ከተቻለ ይለካ፤ ካልተቻለ ቴኖፎቪር አሁኑኑ እንዲጀመርልዎ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከሁለተኛው የእርግዝና ሦስት ወር ጀምሮ ይፈቅዳል፣ እርስዎም እዚያው ላይ ነዎት።

በሁለቱም መንገድ የሚወልዱት በጤና ተቋም ይሁን፤ ተቋሙ ለአራስ የሚሆነው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በእጁ መኖሩን ከወር በፊት ጠይቀው ያረጋግጡ። ፔንታቫለንት በልደት ዕለት አይሰጥም፤ የሚያስፈልገው ለብቻው የተዘጋጀው ነው። እዚያ ከሌለ ከደብረ ማርቆስ ወይም ከባሕር ዳር በማቀዝቀዣ ዕቃ እንዲመጣ፣ ማን እንደሚያመጣውም ጭምር አስቀድሞ ይወሰን። ቫይረሱ ካለብዎ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባለው፣ ተዘጋጅቶ የሚሰጥ መከላከያም ከተገኘ በዚያው ቀን በሌላኛው ጭን ይወጋ። ጡት ያጥቡ፤ ቫይረሱ ቢኖርብዎም አይከለከልም። የ6ኛው፣ የ10ኛውና የ14ኛው ሳምንት ክትባት አንዱም እንዳይታለፍ፤ እርስዎ ተሸካሚ ከሆኑ ሕፃኑ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ለቫይረሱም ለመከላከያውም ደሙ ይመርመር።